አንዳንድ ቀን የሚመጣው የቤንዚን ሽታ

በዚህ ዓምድ ስለ ከሰል ጢስ፣ ስለ ጕድጓድ ውኃና ስለ ሕፃናት ጤና ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ነገራችን በግቢያችን ጥግ ስለምትቆመው መኪና፥ ይልቁንም ከእርስዋ አንዳንድ ቀን መጥቶ አንዳንድ ቀን ስለሚጠፋው የቤንዚን ሽታ ነው። መኪናዪቱ ዘወትር የምትሸት ብትሆን ኖሮ ባለቤትዋ ዕረፍት አጥቶ ቶሎ ባሠራት ነበር። አንድ ቀን ሸትታ ሦስት ቀን የምትተወው ግን «ዛሬስ ተሻላት» እየተባለ ወር ወርን እየተካ ይሄዳል፤ ልጆችም በኋላው ወንበር ተኝተው መጓዛቸውን አይተዉም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን፥ በደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ የሥራ ባልደረባችን መምህር ሽታውን እስኪደርሱበት ድረስ የደከሙትን ድካም ከቅርብ ሆነን መመልከታችን ነው።

መኪናቸው ቮልስ ናት። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን የሚመጣና የሚሄድ ሽታ አብዝተው የሚያማርሩት የአሮጌ ስፖርት መኪና ባለቤቶች ናቸው። በደብረ ማርቆስ ጎዳና የስፖርት መኪና ማየት ብርቅ ነው፤ የስፖርት መኪና የቅርብ ዘመድ የሆነችውን ቮልስን ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቃት የለም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። በስሙ የተጠራችው ፖርሼ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ስትወጣ ከዕቃዋ ብዙው የተወሰደው ከቮልስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ካርማን ጊያም ላይዋ የስፖርት መኪና ይምሰል እንጂ ከሥርዋ ያለችው ቮልስ ናት። በሦስቱም ዘንድ ሞተሩ ከኋላ፥ ቤንዚኑ ከፊት ነው። ስለዚህ በአንዲቱ ሽታው የተፈለገበት መንገድ ለሌሎቹም ያገለግላል። ቮልስ በመጨረሻ በሜክሲኮ ስትሠራ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2003 መሠራትዋ ስላበቃ፥ ዛሬ በእጃችን ያለችው ሁሉ ያረጀች ናት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፥ ያለውን አሮጌ ጠብቆ መያዝ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩን ለመረዳት የቤንዚኑን መንገድ ማወቅ ያሻል። በቮልስ የፊት ኮፈን ሥር 40 ሊትር የሚይዝ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለ። መካኒኮቻችን ሰልባቲዮ ይሉታል፤ ከጣልያንኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ እንደ ፖምፓው፣ እንደ ማርሚታውና እንደ ካንዴላው ሁሉ። ቤንዚኑ ከዚያ ተነሥቶ በወለሉ መካከል በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ያልፋል። ከኋላ ፖምፓው ስቦ በጎማ ቱቦ ወደ ካርቡራቶሩ ይሰደዋል። እንግዲህ ቤንዚኑ መኪናዪቱን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራትዋ፥ በተሳፋሪዎቹ እግር አጠገብ አቋርጦ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ሁሉ ላይ ጎማና ብረት የሚጋጠሙበት ስፍራ ብዙ ነው፤ ሽታም የሚወለደው አዘውትሮ ከመጋጠሚያው ነው።

በመምህሩ ቤት ሽታውን መጀመሪያ ያወቁት ባለቤታቸው ናቸው። «ነጠላዬን አጥቤ በአንድ ቀን መንገድ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ሲሉ፥ እርሳቸው ደግሞ «እኔ ምንም አልሸተተኝ» ይሉ ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። አፍንጫ አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃ ካገኘው በኋላ ይለምደውና መንገሩን ይተዋል። ሌሊቱን በማኅሌት ያደረ ዲያቆን የዕጣኑ ሽታ በልብሱ መኖሩን አያውቅም፤ የሚያውቁት ቤቱ ሲገባ ያገኙት ናቸው። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። ሾፌሩ ውስጥ ተቀምጦ በሚውልባት መኪና ምስክር ሊሆን አይችልም። በሩን ከፍቶ አሁን የሚገባው ሰው የሚናገረው ነው የሚታመነው፤ ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ልጅ ነው። በየቤቱ «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ይሸትሻል» እየተባለ ስንት እውነተኛ ምስክርነት እንደሚጣል ስናስብ ይገርመናል።

መምህሩ በኋላ ነገሩን አምነው ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። በዚያ ካርቡራቶሩ ተፈታ፥ ታጠበ፥ ተገጠመ። ሽታው ለጥቂት ቀን ጠፋና ተመለሰ። ሁለተኛ ሲሄዱ ፖምፓው ተለወጠ፤ አሁን ሽታው ለሁለት ሳምንት ያህል ጠፋ፥ ቤቱም ደስ አለው። ከዚያም አንድ ጧት እንደ ቀድሞው ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ነበር «መኪናዪቱ ትሸጥ» የሚለው ነገር የተነሣው። ልብ በሉ፤ ሽጠዋት ቢሆን ኖሮ ከነአደጋዋ ለሌላ ቤተ ሰብ ባስተላለፏት ነበር።

እኛ የመከርናቸው ሌላ ዕቃ ከመለወጣቸው በፊት አንድ ደብተር እንዲይዙ ነው። የሚመጣና የሚሄድ ነገር ሲመጣም ሲሄድም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም የሚያሳየው ከሽታው ጋር አብሮ የነበረው ሁኔታ ነው። ስለዚህ በየቀኑ፥ ሰዓቱ ስንት እንደ ነበር፣ በሰልባቲዮው ያለው ቤንዚን ምን ያህል እንደ ሆነ፣ መንገዱ ዳገት ወይስ ቁልቁለት መሆኑን፣ ሞተሩ የጋለ ወይስ የቀዘቀዘ እንደ ነበር፣ የሙቀት መስጫው ክፍት ወይስ ዝግ መሆኑን፣ ሽታውንም ከፊት የተቀመጠው ወይስ ከኋላ ያለው ቀድሞ እንዳወቀው ይጻፋል። ያልሸተተበት ቀንም ይጻፋል። ብዙዎች ይህን ይዘነጉታል፤ ነገር ግን የቀሩትን ተማሪዎች ሳይመዘግብ የመጡትን ብቻ የሚመዘግብ መምህር በክፍሉ ማን እንደ ጎደለ እንደማያውቅ ሁሉ፥ የሸተተበትን ቀን ብቻ የጻፈ ሰው ከምንም ጋር ሊያነጻጽረው አይችልም።

አምስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደብተሩን አብረን አነበብነው። ሽታው ከተጻፈባቸው ቀኖች የሚበልጡት ሰልባቲዮው ሞልቶ የነበረባቸው ቀኖች ነበሩ። ከግማሽ በታች በሆነ ጊዜ፥ ከሁለት ቀን በቀር፥ ሽታ አልነበረም። ስለ እነዚያ ሁለት ቀኖች በኋላ እንመለስበታለን።

ይህ በተገለጠ ጊዜ የጋራዡም ምስጢር አብሮ ተፈታ። መምህሩ ፖምፓውን ካስለወጡ በኋላ ገንዘባቸው አልቆ ስለ ነበር፥ ለሁለት ሳምንት ቤንዚን ሲገዙ የነበረው አሥር አሥር ሊትር ብቻ ነበር። ሽታውን ያጠፋው አዲሱ ፖምፓ ሳይሆን ባዶው ሰልባቲዮ ኖሯል! ደመወዝ በወጣ ማግስት ሰልባቲዮው ሲሞላ ሽታውም ተመለሰ። መካኒኩን በዚህ አንወቅሰውም፤ መኪናዪቱን ባየባት ሰዓት አልሸተተችም፥ እርሱም በግምት ሠራ። ግምትን ከዕውቀት የሚለየው መዝገብ ግን በእጁ አልነበረም፤ በባለቤቱ እጅ መሆን የሚገባው ነው።

ከሁሉ የበረታው ሽታ የተጻፈው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፥ ከዓባይ በረሓ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። መምህሩ በጎሐ ጽዮን ሰልባቲዮውን ሞሉ። ጎሐ ጽዮን ደጋ ናት፥ ቤንዚኑም ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ቁልቁል ወርደው፥ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ካለው የኅዳሴ ድልድይ ሲደርሱ ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱንም መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ 40 ሊትር የሆነው በየ10 ዲግሪው ከአንድ ሦስተኛ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚቃጠለው ጥቂት ስለ ሆነ፥ እስከ አፉ የተሞላ ሰልባቲዮ መስፊያ ስፍራ ያጣል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ባለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ብቻ ግፊቱ ከሰባት እጅ አንዱን እጅ ያህል ይጎድላል። ሞቆ የቆየው ቤንዚን ከላይ የሚጫነው አየር በቀለለለት ቊጥር ይተንናል፥ ትነቱም መውጫ ይፈልጋል። የእኛ ደብረ ማርቆስ ራስዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በምጽዋ ወይም በጅቡቲ የማይሸት ጥቂት ስንጥቅ በጎጃም ደጋ ቢሸት አያስደንቅም።

መውጫውስ የት ነበር? ሰልባቲዮው እንዲተነፍስ የተሠራለት አንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለ፤ ትነቱን ከመኪናዪቱ ውጭ ያወጣል። ይህ ቱቦ በታች በኩል፥ ዐይን በማያየው ስፍራ፥ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከላይ ለሚያየው ደኅና ይመስል ነበር፤ የተገኘውም በጣት ተዳብሶና ወደ ጎን ተጠምዝዞ ነው። የተሞላው ቤንዚን በዳገትና በመጠምዘዣ ሲናወጥ ወደዚያ ቱቦ ይረጫል፤ ከስንጥቁ የወጣው ትነት የፊቱን ኮፈን ይሞላና ከመሪው በስተጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ጎማ በዕድሜ ይደርቃል። በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ እንደ ነበር ይታወሳል፤ የጥንት መኪናዎች ጎማ ለእንዲህ ያለው ቅልቅል የተሠራ አልነበረምና፥ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ቱቦዎቹን ሁሉ መመርመር ይገባዋል። የመምህሩ ቱቦ በአዲስና ለቤንዚን ተብሎ በተሠራ ተተካ። ይህን ማለታችን በከንቱ አይደለም፤ የውኃ ቱቦ ቈርጠው የሚገጥሙ አሉ፥ ቤንዚንም በጥቂት ወራት ያበላሸዋል።

ብዙ ሰው በዚህ ይቆም ነበር። ሽታው ጠፍቷል፥ ምክንያቱም ታውቋል። ነገር ግን በደብተሩ ላይ ከዚህ ምክንያት ጋር የማይስማሙ እነዚያ ሁለት ቀኖች ነበሩ። በሁለቱም ቀን ሰልባቲዮው ከሩብ በታች ነበር። ሁለቱም የሐምሌ ጧት፥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት፥ ብርዱ የበረታበት ነበር። በሁለቱም የሙቀት መስጫው ተከፍቶ ነበር፤ ሽታውንም ያወቀችው ከኋላ የተቀመጠችው ታናሽ ልጃቸው ስትሆን፥ ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ጠፍቷል። ተሰንጥቆ የነበረው ቱቦ ይህን ሊያደርግ አይችልም። እንግዲህ ሽታው አንድ ቢመስልም ምንጩ ሁለት ኖሯል።

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ማራገቢያው ከሞተሩ ክፍል አየር እየሳበ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ ከዚያው አየር ከፊሉ በጭስ ማውጫው ሙቀት ሞቆ የሙቀት መስጫው ሲከፈት ወደ ተሳፋሪዎች ይላካል። ስለዚህ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቤንዚን የፈሰሰ እንደ ሆነ፥ ትነቱን እስከ ልጆቹ እግር የሚያደርሰው የመኪናዪቱ የራስዋ ማሞቂያ ነው። በብርድ ጧት ብቻ የሚመጣ፥ ከሙቀት መስጫው ጋር የሚመጣ ሽታ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይፈለጋል።

ለዚህ ፍለጋ ያገለገለን ዕቃ የሰሌዳ ጠመኔ ነው። በበዓል ዋዜማ ማታ ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ፥ በፖምፓውና በካርቡራቶሩ መካከል ያለውን ቱቦ በጨርቅ አድርቀን፥ ጫፍና ጫፉን የተፈጨ ጠመኔ ቀባነው። በማግስቱ ጧት ሞተሩ በደጅ ተነሥቶ አንድ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ጠፋ። በካርቡራቶሩ በኩል ያለው ጠመኔ በአንድ ጎን ረጥቦ ጠቁሯል። ጎማው ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል፥ የሚያጠብቀው ፋሸታም አልነበረውም። በብርድ ሲኮማተር ከብረቱ ይላቀቅና ፖምፓው በገፋው ቊጥር ያንጠባጥባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ተለጥጦ ይገጥማል። በጋራዥ በቀትር ያየው ሰው ምንም ሊያገኝበት አይችልም ነበር። ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ ከዚያ ጫፍ የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። የፊተኛው ስንጥቅ የሚያስጨንቅ ነበር፤ ይህ ግን እሳት ነበር።

የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፥ እንደ ውኃ በምድር ላይ ይተኛል፥ ወደ ዝቅተኛውም ስፍራ ይፈስሳል። ከመቶ እጅ አየር አንድ ተኩል እጅ ያህል ብቻ ትነት ቢኖርበት ለመንደድ ይበቃዋል፤ ለመትነንም ሙቀት አያስፈልገውም፥ ውኃ ከሚረጋበት ብርድ እጅግ በታች እንኳ የሚነድ ትነት ያወጣል። ከዚህም የተነሣ በግቢ ውስጥ መኪና ቆማ፥ ጥቂት ራቅ ብሎ በረንዳ ላይ ለቡና ከሰል የተቀጣጠለ እንደ ሆነ፥ እሳቱ ወደ ቤንዚኑ ሳይሄድ ቤንዚኑ ወደ እሳቱ ሊሄድ ይችላል። በመስቀል ዋዜማ ደመራው በሚቃጠልበት ሜዳ ዳር የምትሸት መኪና ማቆምም እንዲሁ ነው። ከእሳቱ ባሻገር፥ በቤንዚን ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት ደም የሚሠራበትን መቅኔ እንደሚጐዳና የደም ካንሰር እንደሚያመጣ ሐኪሞች አረጋግጠዋል።

ስለዚህ ፍለጋው በደጅ፥ በብርሃን ሰዓት፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። ክብሪት ወይም ሻማ አብርቶ ኮፈን ሥር የሚያይ ሰው ዛሬም አለ ብንል የሚጠራጠር ካለ፥ አንድ ቀን በጋራዥ በር ቆሞ ይመልከት። ቱቦ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ሽቦ ይፈታ፤ በቮልስ ባትሪው ከኋላው ወንበር ሥር ነው። እሳት ቢነሣም ውኃ አይደፋበትም፤ ቤንዚን በውኃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያስፋፋዋልና። አሸዋ፣ ደረቅ አፈር ወይም የዱቄት ማጥፊያ ነው የሚበጀው፤ ከሁሉ በፊት ግን ሰውን ማውጣት ነው።

ዘመናዊ መኪና ያላቸውም ይህን ለሌላ ነው አይበሉ። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ትነቱን የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ አለ። በማደያ ቀጂው መሣሪያ ቀጭ ብሎ ካቆመ በኋላ ቤንዚን ይጠፋል ብሎ በመስጋት እስከ አፉ የሚያስሞላ ሰው፥ ማጣሪያውን በቤንዚን ያርሰዋል፤ ከዚያም ለቀናት የሚመጣና የሚሄድ ሽታ ያገኛል። መጀመሪያ ባቆመበት ማቆም ነው።

ከመኪናዪቱ ምንም ሳይገኝ የሚሸትበትም ጊዜ አለ፤ ይኸውም በጀሪካን ምክንያት ነው። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ ጠርሙስና በዘይት ጀሪካን ገዝቶ ከመቀመጫው ጀርባ ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል። በደጋ ብርድ የተከደነ ፕላስቲክ ቆላ ሲወርድ በሙቀት ይነፋል፤ መልሶ ዳገት ሲወጣ ደግሞ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ይብሱን ተነፍቶ በክዳኑ በኩል ያፈስሳል። የውኃ ጠርሙስ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ሕፃን ደግሞ በጠርሙስ ያየውን ሁሉ ውኃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ባዶው ጀሪካንም እንደ ባዶ አይቈጠር። ቤንዚኑ ተገልብጦ ሲያልቅ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ ከሙሉው ይልቅ ለእሳት የተዘጋጀ ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ ቤት፥ ይልቁንም ወደ ማድ ቤት፥ አይግባ፤ ክዳኑ ተዘግቶ ከደጅ፥ ከጥላ ሥር፥ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።